የትንሽ ከተማን ቅርስ ለቱሪዝም ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ የአየርላንዷ ፌታርድ እንደ ማሳያ

በደቡብ አየርላንድ፣ በቲፐራሪ አውራጃ የምትገኘው ፌታርድ ከሁለት ሺህ ያነሰ ሕዝብ የሚኖርባት የገጠር ከተማ ናት። ይሁን እንጂ በአገሪቱ ከተረፉት የመካከለኛው ዘመን የከተማ ቅጥሮች መካከል ዙሪያው እንደ ፌታርድ ሳይፈርስ የቆየ ማግኘት ይከብዳል። ከእንግሊዝ የመጡት ኖርማኖች በ13ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የቆረቆሯት ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1292 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለግንቡ ሥራ የሚውል ቀረጥ በገበያዋ እንድትሰበስብ ከእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ፈቃድ አግኝታ ነበር። እንዲህ ያለ ሀብት ያላት ከተማ በቱሪዝም መጠቀሟ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በአየርላንድ ገጠር ደጋግመው የታዩ ስህተቶች አሉ፤ የአብዛኞቹም ሥር ዕቅዱ በከተማው ከሚኖረው ሰው ሳይሆን ገና ካልመጣው እንግዳ መጀመሩ ነው።

ሕንፃን ማስቀደም

ቅርስ ያለው ማኅበረሰብ ቀድሞ የሚያስበው አዲስና ትልቅ የጎብኚዎች ማዕከል ስለመሥራት ነው። በክሌር አውራጃ፣ በበረን የድንጋይ ምድር የሆነው ለዚህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። የመንግሥት የሕዝብ ሥራዎች ቢሮ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሙላክሞር ተራራ ግርጌ ማዕከል ለመገንባት ሲነሣ የአካባቢው ሕዝብ ደጋፊና ተቃዋሚ ሆኖ ተከፈለ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሶ በ1993 ቢሮው እንደማንኛውም ገንቢ የግንባታ ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት ተወሰነ፤ በመጨረሻም በ2000 ፈቃዱ ተከለከለ። ገንዘቡ ቢጠፋ ሊተካ ይችላል፤ በጎረቤታሞች መካከል የተፈጠረው ቅያሜ ግን በቀላሉ የሚሽር አልነበረም። በዋተርፎርድ አውራጃ፣ በትራሞር ከተማ የኬልቶችን (የጥንት አየርላንዳውያንን) አፈ ታሪክ ይዞ በ1992 የተከፈተው ሴልትወርልድ የተባለ መዝናኛ ደግሞ በ1995 ተዘግቷል።

ፌታርድ የመረጠችው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። በዋናው መንገድ ላይ የቆመው ቶልሰል የተባለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃ በከተማው አስተዳደር ሲያገለግል ኖሮ በ2017 የአካባቢውን የፈረስ እርባታ ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም ሆነ። ዙሪያው ስመ ጥር የፈረስ ማርቢያዎች ያሉበት በመሆኑ ታሪኩ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ አሮጌ ሕንፃም ሥራ አገኘ።

የሌላን ቦታ ታሪክ መዋስ

በየሱቁ የሚሸጡት አረንጓዴ ኮፍያና የተረት ድንክ አሻንጉሊት የፌታርድን ማንነት አይናገሩም። የእንግሊዙ የጦር መሪ የኦሊቨር ክሮምዌል ጦር በ1650 ወደ ከተማዋ ሲመጣ ነዋሪዎቿ በስምምነት እጃቸውን ሰጡ፤ ስምምነቱም በመከበሩ እንደ ሌሎች ከተሞች አልተዘረፈችም። ቅጥሩ እስከ ዛሬ የመቆሙ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህን ታሪክ በሚገባ የሚያስረዳ ሰው የኬልት ጌጣጌጥ አያስፈልገውም። በቅጥሩ ላይ ሺላ ና ጊግ የሚባል እርቃኗን የተቀረጸች ሴት ምስልም አለ፤ አንዳንዱ አስጎብኚ አፍሮ ያልፋታል፣ ሌላው ማላገጫ ያደርጋታል። ሁለቱም አይበጅም፤ ሊቃውንት ስለ ትርጉሟ እንዳልተስማሙ መናገር ራሱ ጎብኚን የሚያቆም ወሬ ነው።

በሲሚንቶ መጠገን

ይህ ስህተት በበጎ ሐሳብ የሚፈጸም ስለሆነ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። የመካከለኛው ዘመን ግንብ የተያያዘው በኖራ ነው፤ ኖራ ለስላሳ በመሆኑ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ይላወሳል፣ በዝናብ የጠጣውንም ውኃ መልሶ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ግን ጠንክሮ መውጫውን ስለሚደፍን እርጥበቱ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል፤ የብርዱ ወራት ሲመጣም ውኃው በረዶ ሆኖ የድንጋዩን ፊት ይፈረካክሰዋል። ዓመቱን ሙሉ በሚዘንብበት አገር ጉዳቱ ፈጥኖ ይታያል። የጎንደር አብያተ መንግሥትም በኖራ የተገነቡ በመሆናቸው ነገሩ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም።

ሐረግን ነቅሎ ማጽዳትም እንዲሁ ነው፤ ሥሩ ግንቡ ውስጥ ገብቶ ሳለ የሚጎትተው ሰው ድንጋዩንም ይዞት ይወርዳል። ከሥሩ ቆርጦ እዚያው እንዲደርቅ መተው ይሻላል፤ ያም ቢሆን ወፎች እንቁላል ጥለው የሚፈለፍሉበት ጊዜ ካለፈ በኋላና በሕግ የተጠበቁት የሌሊት ወፎች አለመኖራቸው ከተረጋገጠ በኋላ መሆን አለበት። ደግሞም የአየርላንድ መንግሥት የከተማ ቅጥሮችን እንደ ብሔራዊ ሐውልት ስለሚያያቸው ማንም በራሱ ፈቃድ አንድ ድንጋይ ሊነካ አይችልም። ያለ ፈቃድ ሥራ መጀመር በሕግም ያስጠይቃል።

አውቶቡስ መቁጠር

የካሸል ዓለታማ ምሽግ ከፌታርድ ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ወደዚያ ከሚጎርፈው የቱሪስት አውቶቡስ ጥቂቱን ለማስቆም መመኘት ያለ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆሞ የሚሄድ አውቶቡስ ግን ፎቶግራፍና ቆሻሻ ትቶ ያልፋል። መለካት ያለበት እንግዳው ያደረባቸው ሌሊቶችና በከተማው ያወጣው ገንዘብ ነው። በምዕራብ አየርላንድ ከዌስትፖርት እስከ አኪል 42 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የብስክሌት መንገድ፣ በ1937 በተዘጋ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ እንግዳው በመንገዱ ዳር ባሉት መንደሮች በልቶ እንዲያድር የሚያደርገው ዝግታው ነው።

ነዋሪውን ማስወጣት

የማደሪያ ፍላጎት ሲጨምር በዋናው መንገድ ያሉ ቤቶች ለአጭር ጊዜ ኪራይ ይውላሉ፤ ወጣቱም የሚከራየው አጥቶ ይሄዳል። በሌላ በኩል በብዙ የአየርላንድ ከተሞች ከሱቆች በላይ ያሉ ፎቆች ባዶ ናቸው። መንግሥት ከ2022 ጀምሮ ባዶ ቤት ለሚያድስ ድጋፍ ይሰጣል፤ ከ2023 ወዲህ ይህ እስከ 50,000 ዩሮ፣ ለፈራረሰ ቤት ደግሞ እስከ 70,000 ዩሮ ይደርሳል። በእኔ አስተያየት የቅርስ ኮሚቴ ምልክት ከመትከሉ በፊት ባለቤቶችን እያነጋገረ ይህን ማመልከቻ እንዲሞሉ ቢያግዝ ከሁሉ የላቀ ሥራ ይሠራል፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ጣሪያው ቢያፈስ በዚያው ሳምንት ይታወቃልና።

ለጥገና አለመመደብ

የአየርላንድ የቅርስ ምክር ቤት በ2005 ያቋቋመው ቅጥር ያላቸው ከተሞች መረብ ምክርና ገንዘብ ይሰጣል፤ ከአውሮፓ ኅብረት የገጠር ልማት ፈንድም ድጋፍ ይገኛል። እነዚህ ድጋፎች በአብዛኛው ለአንድ ፕሮጀክት የሚሰጡ ሲሆኑ፣ በየዓመቱ ሣር የሚያጭደውና ቦይ የሚጠርገው ግን እየሸመገለ ያለ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ሲጻፍ የዓመታዊ ጥገና ወጪና የአንድ ተከፋይ ሠራተኛ ደመወዝ በበጀቱ ይካተት፤ ለጋሹ ይህን ካልፈቀደ ሥራውን ከተማው በራሱ ሊጠብቀው በሚችለው መጠን አሳንሶ መጀመር ይሻላል።