የመኪናን ነባር ሰብዎፈር በአዲስ መተካት፦ ከመግዛት በፊት ምን ይለካል፣ ሲገጠም ምን ይጠነቀቁለታል

መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የመጣውን ሰብዎፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር፣ አውጥቶ ሌላ መተካት ከሩቅ ለሚያየው አራት ብሎን ፈትቶ አራት ብሎን የማሰር ሥራ ይመስላል። እኔም መጀመሪያ እንዲያ መስሎኝ ነበር። ለራሴ መኪና ማግኔቱ እጅ የሚሞላ፣ ከነባሩ በጣም የሚከብድ ስፒከር ገዝቼ ከገጠምኩ በኋላ ድምፁ ከአሮጌው ይልቅ ቀጥኖ ሲወጣ፣ ሽቦ ተሳስቼ መሆን አለበት ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ስፈታና ሳስር ዋልኩ። ስሕተቱ ግን ከሽቦው አልነበረም። ሁለቱን ስፒከሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ በመልቲሜትር ስለካቸው አሮጌው 1.7 ኦም፣ አዲሱ 3.4 ኦም አሳዩ፤ ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው። የመኪናው አምፕሊፋየር ባለ 2 ኦም ስፒከር እንዲነዳ የተሠራ ስለነበር፣ ባለ 4 ኦም ስሰጠው የሚያወጣው ኃይል በግማሽ ያህል ወርዶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጌውን አውጥቼ ሳልለካ አዲስ አልገዛም፤ አንባቢንም የምመክረው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።

ስለ ነባሩ ሰብዎፈር በእርግጠኝነት መታወቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ስንት ኦም እንደሆነ፣ ኃይል የሚሰጠው የትኛው አምፕሊፋየር እንደሆነ፣ ከጀርባው ያለው አየር በሳጥን የታጠረ ነው ወይስ ክፍት የሚለው። የአዲሱ ስፒከር ስምና ዋጋ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን አውጥቶ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ በመንቀል ነው፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ የ10 ቁልፍ ይበቃል። አንዳንድ ቴፖች ኃይል ከተቋረጠባቸው በኋላ የምስጢር ቁጥር ስለሚጠይቁ፣ ቁጥሩ በእጅ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። ሽፋኑን ሲያወልቁ ቢጫ ሶኬት ያለው ሽቦ ካጋጠመዎት የኤርባግ መስመር ሊሆን ስለሚችል አይንኩት፤ ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ተገቢ ነው። ሰብዎፈሩ እንደ መኪናው ዓይነት ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለው መደርደሪያ ሥር፣ በዕቃ መጫኛው ጎን ወይም ከወንበር በታች ይገኛል። የውስጥ ሽፋኑን በብረት ካቻቢቴ መፈልቀቅ ፕላስቲኩን ስለሚያቆስለው፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ይጠቀሙ።

አሮጌው ከወጣ በኋላ መልቲሜትሩን 200 ኦም ላይ ያድርጉና በመጀመሪያ ሁለቱን መለኪያ ጫፎች እርስ በርስ ያነካኩ። በዚህ ጊዜ የሚታየው ትንሽ ቁጥር የመለኪያው ገመድ የራሱ ስለሆነ ከውጤቱ ይቀነሳል። ከዚያ የስፒከሩን ሁለት እግሮች ይለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ባለ 4 ኦም የተባለ ስፒከር በመልቲሜትር ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 3.8 ኦም፣ ባለ 2 ኦም የተባለው ደግሞ ከ1.5 እስከ 1.9 ኦም ያሳያል። ይህ የብልሽት ምልክት አይደለም፤ መለኪያው የሚያነበው የጥቅል ሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ሲሆን፣ ስፒከሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ሙዚቃ ሲጫወት የሚኖረውን ጠቅላላ ተቃውሞ የሚገልጽ በመሆኑ ነው።

አራት እግር ያለው ስፒከር ሁለት ጥቅል ሽቦ አለው ማለት ስለሆነ እያንዳንዱን ጥንድ ለየብቻ ይለኩ። ሁለት ባለ 4 ኦም ጥቅሎች በተከታታይ ሲገናኙ 8 ኦም፣ ጎን ለጎን ሲገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ሁለት ባለ 2 ኦም የሆኑት ደግሞ 4 ወይም 1 ኦም ይሰጣሉ። ባለ ሁለት ጥቅል ስፒከር መግዛት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ አገናኙን በመለወጥ ብቻ ከሁለት የተለያዩ አምፕሊፋየሮች ጋር ሊስማማ ይችላል። አምፕሊፋየሩ ከሚችለው ያነሰ ኦም መስጠት ግን ከእኔ ስሕተት የከፋ ነው። የኔ ድምፁን አቀጠነው እንጂ ምንም አላቃጠለም፤ ያነሰ ኦም ግን አምፕሊፋየሩን ከልክ በላይ ስለሚያሞቀው፣ ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ ከሌለው ያቃጥለዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የኃይል ጉዳይ ነው። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ከፍተኛ ዋት ለቅጽበት ብቻ የሚታሰብ ቁጥር ስለሆነ አይመኑት፤ የሚያስፈልግዎ አር ኤም ኤስ የሚባለው፣ ስፒከሩ ሳይጎዳ ለረጅም ጊዜ የሚሸከመው ኃይል ነው። ከዚያም በላይ ልብ የማይባለው፣ በዴሲቤል የሚጻፈው የስሜት መጠን፣ ማለትም ስፒከሩ በተሰጠው ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ የሚያሳየው ቁጥር ነው። በ3 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ስፒከር ያንኑ ያህል ለመጮህ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ለትልቅ ኃይል የተሠሩ ሰብዎፈሮች ኮናቸው፣ ማለትም እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣው ፊታቸው ከባድ፣ ዙሪያውን የያዘው ጎማም ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይህ ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ በነባሩ አነስተኛ አምፕሊፋየር ለመቀጠል ያሰበ ሰው ትልቅ ማግኔት ከመፈለግ ይልቅ፣ ኦሙ ከነባሩ ጋር እኩል የሆነና የስሜት መጠኑ ከፍ ያለ፣ ቀለል ያለ ስፒከር ቢመርጥ የተሻለ ድምፅ ያገኛል። እንደ ባለ 500 ዋት ያለ ትልቅ ስፒከር የፈለገ ደግሞ የራሱን አምፕሊፋየር አብሮ ያስብ። በእኔ እምነት በሁለቱ መካከል የሚያዋጣ መንገድ የለም።

የአየሩ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ችላ የሚባል፣ በውጤቱ ላይ ግን እንደ ኦሙ ያህል የሚወስን ነው። የስፒከር ኮን ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያምቃል፣ ከኋላው ያለውን ያሳሳል። ሁለቱ አየሮች በክፍተት ከተገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ ኮኑ እየዘለለ የሚሰማ ወፍራም ድምፅ ግን አይኖርም። በመደርደሪያ ሥር የሚገጠሙ ነባር ሰብዎፈሮች ብዙዎቹ ያለ ሳጥን፣ የዕቃ መጫኛውን ሰፊ አየር እንደ ሳጥን ተጠቅመው ይሠራሉ። ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚመረጠው በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ያለ ሳጥን መሥራት እንደሚችል የተጻፈለት ነው፤ ኪውቲኤስ (Qts) የሚባለው፣ ስፒከሩ የኮኑን እንቅስቃሴ በራሱ ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳየው ቁጥሩም 0.6 ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ይህ ቁጥር ከ0.4 በታች የሆነው ስፒከር የአየር መውጫ ቀዳዳ ላለው ሳጥን የታሰበ ስለሆነ፣ እዚያ ቢገጠም ድምፁ ደረቅና ባዶ ይሆናል።

ነባሩ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ሳጥኑ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀላሉ ዘዴ ሳጥኑን ከመኪናው ውጭ አውጥቶ፣ ውስጡ ወፍራም ፌስታል ዘርግቶ፣ ውኃ በሊትር እየለኩ መሙላት ነው። ከተገኘው ላይ የአዲሱ ስፒከር አካል የሚይዘውን አንድ ወይም ሁለት ሊትር ይቀንሱ። ባለ 10 ኢንች ሰብዎፈር በዝግ ሳጥን ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 28 ሊትር ይፈልጋል። ከሚፈልገው በጣም ባነሰ ሳጥን ውስጥ የገባ እንደሆነ ጥልቁ ድምፅ ይጠፋና ሁሉንም ዘፈን በአንድ ቃና ጉም ጉም እያለ ይደግመዋል። በዚሁ አጋጣሚ ስፒከሩ የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት፣ የብሎኖቹን ርቀትና በተለይ ጥልቀቱን በማስመሪያ ይለኩ፤ መደርደሪያ ሥር የሚገጠም ማግኔት የዕቃ መጫኛውን ክዳን ማጠፊያ ነክቶ ክዳኑ አልዘጋ የሚልበት ጊዜ አለ።

ቀዳዳው ከአዲሱ ጋር ካልተስማማ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) ቀለበት ቆርጦ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ቀለም ይቀቡት፤ ኤምዲኤፍ እርጥበት ካገኘው ያብጣል። ላሜራውን መሰርሰር ካለብዎት ደግሞ አዲሱን ስፒከር ከአካባቢው ያርቁትና፣ ከጨረሱ በኋላ የብረቱን ብናኝ በመጥረጊያ ማሽን ሙሉ በሙሉ ይሰብስቡ። ማግኔቱ ብናኙን ስቦ በጥቅል ሽቦው ክፍተት ውስጥ ካስገባው ኮኑ በእጅ ሲገፋ ቅር ቅር የሚል ድምፅ ያወጣል፤ ያን ማጽዳት ደግሞ አይቻልም ማለት ይቀላል። ብሎን ሲያስሩ በአንድ እጅ የካቻቢቴውን ዘንግ ከጫፉ አጠገብ ይያዙት። ማግኔቱ ጫፉን በድንገት ወደ ኮኑ ይስበዋል፤ ካርቶኑን በከፈቱበት ዕለት አዲስ ኮን የበሱ ሰዎች አይቻለሁ።

በቀለበቱና በላሜራው፣ በስፒከሩና በቀለበቱ መካከል ስፖንጅ ጓርኒሲዮን ያድርጉ። ብሎኖቹን በተቃራኒ አቅጣጫ እያፈራረቁ በትንሽ በትንሹ ያጥብቁ፤ አንዱን በአንዴ ጥብቅ ካደረጉ ጠርዙ ይጣመምና በሌላው በኩል አየር ያሾልካል።

ሽቦውን ከማገናኘት በፊት ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን መለየት ያስፈልጋል። የነባሩ ስፒከር እግሮች ምልክት ከሌላቸው የ1.5 ቮልት የድንጋይ ባትሪ ወስደው ለቅጽበት ያነካኩ። ኮኑ ወደ ውጭ ብቅ ካለ የባትሪውን ፖዘቲቭ የነካው እግር ፖዘቲቭ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ተቃራኒው ነው። የመኪናውን ሶኬት ቆርጦ መጣል ፈጽሞ አይመከርም። ለመኪናው የተዘጋጀ ማገናኛ ካለ እሱን ይጠቀሙ፣ ከሌለም ከሶኬቱ እግር ጋር የሚስማማ ማያያዣ ፈልገው በስታኞ ያጣብቁና በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ይሸፍኑት። ናስትሮ ብቻውን በመኪና ውስጥ ሙቀት ሙጫው ቀልጦ ይላቀቃል።

የራስዎን አምፕሊፋየር የሚገጥሙ ከሆነ ዋናው ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ይነሳና ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ፊውዝ ይደረግበታል። ፊውዙ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ገመዱን ነው፤ ገመዱ የሆነ ቦታ ተፈግፍጎ ላሜራ ቢነካ ከእሳት የሚያድነው እሱ ብቻ ነው። በሞተር ክፍሉ ግድግዳ ሲያልፍም ቀዳዳው የጎማ ቀለበት ሊኖረው ይገባል። ባለ 500 ዋት አር ኤም ኤስ አምፕሊፋየር እንደ ብቃቱ በሙሉ ኃይሉ 45 አምፔር አካባቢ ስለሚስብ፣ ለመኪናው ሙሉ ርዝመት 21 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ገመድ እመርጣለሁ። የኔጌቲቩ ገመድ ያንኑ ውፍረት ይዞ አጭር መሆን አለበት፤ የሚታሰርበትን ላሜራ ቀለሙ ጠፍቶ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁት። የድምፅ ገመዱን በመኪናው አንድ ጎን፣ የኃይሉን በሌላው ጎን ያሳልፉ፤ አብረው ከሄዱ የሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጮህ ሲርሲርታ ይገባል። ነባሩ ቴፕ የድምፅ መውጫ ከሌለው ምልክቱ ከስፒከር ሽቦ በመቀየሪያ መሣሪያ ይወሰዳል። አንዳንድ ቴፖች ድምፁ ሲጨምር ወፍራሙን ድምፅ ራሳቸው ስለሚቀንሱት ይህን የሚያካክስ መቀየሪያ ማፈላለግ ያዋጣል። በአንዳንድ መኪኖች ቴፑና አምፕሊፋየሩ የሚነጋገሩት በብርሃን ገመድ ስለሆነ፣ እነዚያ ለመኪናው የተሠራ ልዩ መገናኛ ይፈልጋሉ።

ባትሪው ተመልሶ ከተገናኘ በኋላ የአምፕሊፋየሩን ጌይን፣ ማለትም ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን ማስተካከያ፣ በጆሮ ሳይሆን በመልቲሜትር ያስተካክሉ። ሰብዎፈሩን ይንቀሉ፣ የቴፑን ቃና ማስተካከያዎች ሁሉ ዜሮ ላይ ያድርጉ፣ ጌይኑን ወደ ታች ያውርዱ፣ ባለ 50 ኸርዝ የሙከራ ድምፅ ከፍተው ቴፑን ሦስት አራተኛ ድረስ ይጨምሩ። ከዚያ መለኪያውን በተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርገው በአምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ እያነበቡ ጌይኑን ቀስ ብለው ይጨምሩ። የሚፈለገው ቮልት፣ ዋቱ በኦሙ ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር ካሬ ሥር ነው፤ 300 ዋት በ4 ኦም 34.6 ቮልት፣ በ2 ኦም ደግሞ 24.5 ቮልት ይሆናል። እዚያ ሲደርስ ያቁሙ። ጌይን ድምፅ ማብዣ አይደለም፤ ከልክ ሲያልፍ ጫፉ የተቆረጠ ምልክት ወደ ስፒከሩ ይሄድና ጥቅል ሽቦውን ያነደዋል።

ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያስቀረውን የአምፕሊፋየሩን ማጣሪያ 80 ኸርዝ አካባቢ ያድርጉና ሰብዎፈሩን መልሰው ያገናኙ። በሾፌሩ ወንበር ተቀምጠው የኮኑን የመግፊያ አቅጣጫ የሚገለብጠውን የፌዝ ማብሪያ 0 እና 180 ላይ እየቀያየሩ ያዳምጡ፤ ወፍራሙ ድምፅ ሞልቶ፣ ከፊት የሚመጣ የሚመስለው ትክክለኛው ነው። ከዚያ ድምፁን ጨምረው ሌላ ሰው በመኪናው ዙሪያ እየዞረ መዳፉን በሽፋኖቹ፣ በዕቃ መጫኛው ክዳንና በታርጋው ላይ ያሳርፍ። እጁ ሲያርፍ ዝም የሚል መንቀጥቀጥ ካለ ያ ቦታ ስፖንጅ ወይም የሬንጅ ንጣፍ ይፈልጋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስፖንጁ ስለሚጫን ብሎኖቹን ደግመው ያጥብቁ፤ ሙዚቃ ለግማሽ ሰዓት ከተጫወተ በኋላም የፊውዙን መያዣ በጣትዎ ይንኩት፤ ከሞቀ የላላ ማሰሪያ አለ።