ቮግ መጀመር ለምትፈልጉ፦ ከዳክዎክ ተነሱ

ቮግ የሚባለው ዳንስ ስሙን ከፋሽን መጽሔቱ ከቮግ ይውሰድ እንጂ ያደገው ሃርለም፣ ኒውዮርክ ነው። ጥቁርና ላቲኖ የሆኑ ኩዊርና ትራንስ ሰዎች ሌላው መድረክ ፊት ሲነሳቸው፣ ራሳቸው በሚያዘጋጁት ቦልሩም በሚባል የዳንስና የአለባበስ ውድድር ላይ ነው ያሳደጉት፤ እንደ ዊሊ ኒንጃ ያሉት ዳንሰኞች ደግሞ ለዓለም አደረሱት። ይህን ሳያውቁ እጅ ማወናጨፍ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያስታውቃል።

ቮግ ፌም የሚባለው ዓይነት አምስት ነገሮች አሉት፦ እጅ፣ ካትዎክ (እንደ ሞዴል መራመድ)፣ ዳክዎክ (ቁጢጥ ብሎ መሄድ)፣ ስፒንና ዲፕ (መሽከርከርና ወደ ኋላ ወለል ላይ መውረድ)፣ የወለል ላይ እንቅስቃሴ።

እኔ ከዳክዎክ ጀምሩ ባይ ነኝ። ቁጢጥ በሉ። ተረከዝ ከወለል ይነሳ፣ ጀርባ ቀጥ ይበል። ከዚያ እዚያው ቁጢጥ እንዳላችሁ ትንሽ ነጠር እያላችሁ አንዱን እግር ወደ ፊት ወርወር፣ መለስ፣ ደግሞ ሌላውን። ጭን ይቃጠላል፣ ያለ ነው። ጉልበት ካመማችሁ ግን ወዲያው አቁሙ። እጃችሁም ሥራ አይፍታ፤ ፊታችሁ ላይ የሆነ ታሪክ እያወራ ይሂድ።

ዲፕ ሲያዩት ዝም ብሎ ወደ ኋላ መውደቅ ይመስላል። አይደለም። አንዱ እግር ከሥር ይታጠፋል፣ እጅ ይደግፋል፣ አገጭ ወደ ደረት ይጠጋል፣ ጭንቅላት ወለል እንዳይመታ። ያለ አስተማሪ አትሞክሩት። ሙዚቃው ውስጥ በየአራተኛው ምት ጯ የሚል ድምፅ አለ፤ ዲፑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።