ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ያስቀነሰች ልጅ «አይርበኝም» ስትል፣ «ራበኝ» ስትል

«ምንም አይርበኝም»

ወላጅ መጀመሪያ የሚደነግጠው በዚህ ነው። ክብደት ለመቀነስ በሚደረገው፣ ስሊቭ በሚባለው ቀዶ ሕክምና ከጨጓራ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨውም ከዚያው ከሚወጣው ክፍል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሳህኑን የምትገፋው ስላኮረፈች አይደለም። ረሃብ ሳይጠበቅ በሰዓት ትብላ። ፕሮቲን ይቅደም፦ እንቁላል፣ እርጎ፣ ዓሣ፣ በደንብ የበሰለ ምስር። የተለመደው ዝቅተኛ ግብ በቀን 60 ግራም ነው። ውሃውን ከምግብ ጋር ሳይሆን በመሃል በመሃሉ ፉት ትበል። ጉርሻ ለጊዜው ይቅር፤ የአክስት አንድ ጉርሻ ለዚህች ልጅ ግማሽ ምሳ ነው።

«አልወርድ አለኝ፣ አስመለሰኝ»

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ችኮላ ነው፦ ሳይላመጥ የተዋጠ ሥጋ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ከጠገቡ በኋላ «ይቺን ብቻ» ተብላ የተጨመረች። አንድ ማዕድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፍጅ።

ማስመለሱ ለቀናት ከቀጠለ ግን «ትለምደዋለች» ብሎ መቀመጥ አደገኛ ነው። የምግብ መተላለፊያው ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ ሰውነት ያለው የቫይታሚን ቢ1 ክምችት በጥቂት ሳምንታት ያልቃል። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያት፣ ስትራመድ ከተንገዳገደች ወይም ከቃዠች በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ቀዶ ሕክምና ማድረጓን ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ቢ1 ሳይሰጣት ግሉኮስ ብቻ ቢንጠለጠልላት ሊብስባት ይችላል።

«ጣፋጭ ስበላ ያልበኛል፣ ልቤ ይመታል»

በተለይ ባይፓስ የተሠራላቸው ላይ ይታያል (ምግብ አብዛኛውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርገው ሌላው ቀዶ ሕክምና ነው)፤ ስኳሩ በቶሎ አንጀት ውስጥ ስለሚደፋ ነው። ለስላሳና ጭማቂ ይቁም። ከበላች ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣባት ከሆነ ግን የደም ስኳሯ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሟ ይወቅ።

«መልሶ ይርበኛል፤ ክብደቴም ጨመረ»

ቤት የሚታመሰው እዚህ ላይ ነው። ክብደት አብዛኛውን ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ድረስ ይወርዳል፣ ከዚያ ይቆማል፣ ትንሽም ይመለሳል። ረሃቡም እንዲሁ። አሜሪካ ውስጥ ቲን-ላብስ በተባለው ጥናት የተከታተሏቸው ወጣቶች በ3 ዓመት ክብደታቸው በአማካይ 27 በመቶ ቀንሶ ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላ ቅናሹ ወደ 20 በመቶ ገደማ ሆኗል። ጥቂት ኪሎ መመለሱ እንግዲህ የልጅቷ ስንፍና አይደለም።

መጀመሪያ የምትጠጣውን እዩ። ቺፕስ፣ አይስክሬምና ጣፋጭ መጠጥ በትንሿም ጨጓራ ሳያጠግቡ ያልፋሉ። ቀጥሎ እንቅልፏን፣ አዲስ የጀመረችውን መድኃኒት፣ ጭንቀቷን። በየቀኑ ሚዛን ላይ ማውጣት አይረዳም፤ ተደብቃ እንድትበላ ያደርጋታል። ኪሎው ያለማቋረጥ የሚጨምር ከሆነ ወደ ክሊኒኩ ትመለስ፤ ዛሬ የሚያግዙ መድኃኒቶችም አሉ።

«ቀንሻለሁ፣ ግን ይደክመኛል»

ከ3ኛው ወር ጀምሮ ፀጉር ቢረግፍ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ይበቅላል። ድካሙ ግን ደም ያስመርምራል፦ ብረት፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ። በዚያው ጥናት በ3ኛው ዓመት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የብረት ክምችታቸው ዝቅተኛ ነበር፤ የወር አበባ የሚበዛባት ልጅ ደግሞ ቶሎ ትጎዳለች። ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው። የዚህ ዕድሜ ልጅ ክኒን «ወስጃለሁ» ብላ መሳቢያ ውስጥ ታከማቻለች፤ ከእራት ጋር ዓይናችሁ እያየ ትዋጥ።

ጾም ሲገባ ወተትና እንቁላል ይቀራል፣ ቁርስም ይዘላል። ቢ12 በሽሮና በምስር አይሞላም። ስለዚህ ጾሙ ከመያዙ በፊት ለሐኪሙም ለንስሐ አባቷም ይነገር።