ሲሞኖቭ ቀለህ አልተፋ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ጤነኛ ሲሞኖቭ (SKS የሚባለው የሶቪየት ጠመንጃ) ቀለሁን፣ ማለትም የተተኮሰውን ጥይት ባዶ ቅርፊት፣ ወደ ቀኝ አሽቀንጥሮ ያርቃል። ቀለሁ እግር ሥር ጠብ ካለ፣ መውጫው ላይ ተነክሶ ከቀረ፣ ወይም መሣሪያው ተኩሶ ቀጣዩን ጥይት ካላጎረሰ ጉልበት አጥቷል። ጎጃም ውስጥ ይህ ሲገጥም ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ መቀባበያውን (ጥይት የሚያጎርሰውንና ቀለህ የሚያወጣውን ክፍል) ወደ ፊት የሚመልሰውን ሞላ ያስቀይራል። ገንዘብ መጣል ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከበርሜሉ በላይ በተጋደመችው የጋዝ ቱቦ ውስጥ ነው።

ጥይቱ ሲተኮስ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ በበርሜሉ ቀዳዳ ወደ ቱቦዋ ገብቶ ፒስተኑን ይመታል፤ ፒስተኑ ገፊውን ዘንግ፣ ዘንጉ ደግሞ መቀባበያውን ወደ ኋላ ይገፋል። ፒስተኑ ከተያዘ መቀባበያው መንገድ ላይ ይቀራል። ፒስተኑን የሚይዙት ሁለት ናቸው። አንደኛው የኑግ ዘይት ነው። ኑግ ለወጥ እንጂ ለጠመንጃ አይሆንም፤ ሲቆይ ይደርቃል፣ ሙቀትና ጥላሸት ሲጨመርበት በጥፍር ካልተፋቀ የማይለቅ ቡናማ ሙጫ ይሆናል። ቅቤም ለጠመንጃ አይሆንም። ሁለተኛው ጨው ነው። ሲሞኖቭ የሚጎርሰው የድሮ 7.62 በ39 ጥይት መለኮሻው (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) ሲቃጠል ጨው ይተዋል፤ ጨዉ የክረምቱን እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝገዋል። ጨውን የሚያጥበው ውሃ ነው፤ ዘይት ቢደፉበት ከሥር መብላቱን አይተውም።

መጀመሪያ የካዝናውን ወለል ከፍተው ጥይቱን ያራግፉ፣ ከዚያ መቀባበያውን ስበው የበርሜሉን ጎሮሮ (ጥይቱ ገብቶ የሚቀመጥበትን) ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ቅደም ተከተሉን ካዛቡ መቀባበያው ሌላ ጥይት ያጎርሳል፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ከኋላ ማነጣጠሪያው በስተቀኝ ያለችውን ማንሻ ከፍ ያድርጉ፤ ቱቦዋ ከኋላ በኩል ትነሳለች። ማንሻዋን ከልክ በላይ አያንሱ፣ ገፊው ዘንግ በራሱ ሞላ ተስፈንጥሮ ዓይን ያጠፋል፤ እጅዎን ይጋርዱበት። ፒስተኑን አውጥተው ቱቦዋን፣ ፒስተኑንና የጋዝ መግቢያውን በፈላ ውሃ ይጠቡ፣ በርሜሉንም ጭምር። ሙጫው ካልለቀቀ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክረው ያሳድሩትና በናስ ብሩሽ ይፈትጉት። የብርጭቆ ወረቀት አይንካው! ፒስተኑ ከቀጠነ ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፣ መልሶ የሚያወፍረው ደግሞ የለም። ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ማስፋትም መሣሪያውን መግደል ነው። ሲጨርሱ በደንብ አድርቀው ፒስተኑን ወደ ቱቦዋ ይመልሱና ቱቦዋን ያዘንብሉ፤ በራሱ ክብደት ወዲያና ወዲህ ካልተንሸራተተ ገና ነው። ሁለቱንም ደረቅ አድርገው ይግጠሙ። የጠመንጃ ዘይት የሚቀባው መቀባበያው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ነው፣ እሱም በስሱ።

መቀባበያውን በፈቱ ቁጥር የመምቻውን መርፌ ይፈትሹ። መቀባበያውን ጆሮ አጠገብ ሲወዘውዙት መርፌው ኳ ኳ ማለት አለበት (መርፌው ሞላ ያለው የመጀመሪያዎቹ ዓይነት ካልሆነ)። ድምፅ ከሌለ በቆሻሻ ተጣብቋል፤ ወደ ፊት እንደወጣ ከቀረ ቃታ ሳይነካ ጥይቱ ሲጎርስ ይተኩሳል፣ ያውም በተከታታይ። እስኪፀዳ ድረስ ጥይት አያጉርሱ።

ቱቦዋ ንጹህ ሆና ቀለሁ ጎሮሮ ውስጥ ከቀረ ጎሮሮው ዝጓል፣ ወይም የቀለህ መሳቢያው ጥርስ ተሸርፏል። መቀባበያው ሳይዘጋ ከቆመ ብቻ ሞላውን ይጠርጥሩ፤ ከሌላ ሞላ ተቆርጦ የሚሸጠውን ግን አይግዙ፣ ልኩም ጥንካሬውም ሌላ ነው።