ነዳጅ የሚበላው ፍሬን ነው

«መኪናዬ ነዳጅ ትበላለች» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የፍሬን ሸራ በስንት ጊዜ እንደሚቀይር እጠይቀዋለሁ። ሸራው ቶሎ የሚያልቅበት ሰው ነዳጁም ቶሎ ያልቅበታል። ቤንዚን ከፍለን የገዛነውን ፍጥነት ፍሬን በረገጥን ቁጥር ሙቀት አድርገን እንበትነዋለንና። ነዳጅ የሚያባክኑ ልማዶቻችንን አንድ በአንድ እንያቸው።

የፊተኛውን መኪና ብቻ ማየት። መብራቱ ከሩቅ ቀይ ሆኖ እየታየ ነዳጅ ሰጥቶ እዚያው ደርሶ መቆም የአዲስ አበባ ሹፌር ሁሉ በሽታ ነው። እግርን ቀደም ብሎ ማንሳት ይበቃል። በመጨናነቅ ውስጥም ትንሽ ክፍተት ትቶ በዝግታ መጎተት በየሦስት ሜትሩ ከመነሳትና ከመቆም ይሻላል። «ክፍተት ከተውኩ ሌላው ይገባብኛል» ይባላል። አዎ፣ ይገባል፤ ይግባ።

ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት መውረድ። ይህን እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ። ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ዜሮ ማርሽ አስገብቼ ስንሸራተት ያተረፍኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ታች ስደርስ የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ፤ መካኒኩ እየሳቀ ነገሩን አስረዳኝ። ነዳጅና አየር በካርቡራተር፣ ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቀልበት ዘመን ልማዱ ምክንያት ሳይኖረው አልቀረም። ኢንጀክሽን ባለው (ነዳጁ በኮምፒውተር እየተለካ በሚረጭበት) መኪና ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ማርሹ ከወጣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይፈልጋል፤ መኪናውን የመያዙም ሥራ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። እቆጥባለሁ ስል አባክን ነበር ማለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ደግሞ ጉዳዩ የነዳጅ ሳይሆን የነፍስ ነው።

መስቀለኛ መንገድ መዝጋት። አረንጓዴ በራ ብሎ፣ ማዶው ሞልቶ እያየ መሀል የሚገባ ሹፌር የሚያቃጥለው የራሱን ነዳጅ ብቻ አይደለም። መብራቱ ሲቀየር ከጎን የሚመጣው ሁሉ ሞተሩን እያስጮኸ ይቆማል። የቆመ ትንሽ መኪና በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊጨርስ ይችላል፤ ከኋላ የተሰለፉትን እየቆጠሩ ማባዛት ነው። የመብራቶቹን ሰዓት እንደ ትራፊኩ ብዛት ማስተካከል የከተማው ሥራ ነው፤ መስቀለኛውን ክፍት መተው ግን የእኛ ነው።

በፈጣን መንገድ መብረር። የአየር ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ በ120 የሚሄድ መኪና በ100 ከሚሄደው 44 በመቶ የበለጠ የአየር ግፊት ይገፋል። ወደ 85 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ የሚያተርፈው ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጣሪያው ላይ ባዶ ፖርቶመጋላ (የዕቃ መጫኛ) ጭኖ የሚበርማ የባሰ ነው።

ጠዋት ሞተር ለረጅም ጊዜ ማሞቅና ነፋስ በጎደለው ጎማ መንዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልጉም። ግማሽ ደቂቃ አስነስቶ ቀስ ብሎ መሄድ በቂ ነው። የነፋሱ ልክ በሹፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ ተጽፏል፤ ለጎሚስታው «እንደ መሰለህ ንፋ» አይበሉት።

በመጨረሻ፣ በቁልቁለት መለካት። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ወደዚያ ሲወርዱ ለክተው «በሊትር ይህን ያህል ሄድኩ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ የመልሱን ዳገት አይናገሩም። ታንከሩን ሞልተው ኪሎ ሜትሩን ይመዝግቡ፤ ደርሰው ሲመለሱ እዚያው ማደያ እንደገና ይሙሉና የሄዱትን ኪሎ ሜትር ለሞሉት ሊትር ያካፍሉ።