ካና አበባ፦ አተካከሉና አቆራረጡ

ካና ሙቀትን ይችላል፣ ረግረግን ይችላል፣ ጥቂት ቀን ቢረሳም ይቅር ይላል። ጥላንና መጨናነቅን ግን አይወድም። ቅጠሉ ለምልሞ አበባ እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ከነሱ ቀጥሎ ደግሞ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ።

ተክሉ የሚነሳው እንደ ዝንጅብል አፈር ውስጥ ተጋድሞ ከሚሰፋ ወፍራም የመሬት ውስጥ ግንድ፣ ማለትም በተለምዶ ሥር ከምንለው ከራይዞም ነው። ለተከላ ስትመርጡ በጣት ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ ሻጋታ የሌለውና ቢያንስ 2 ወይም 3 ዐይን ያለው ይሁን። ቦታው በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ፀሐይ የሚያገኝ መሆን አለበት። አፈሩ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ አትቸኩሉ፤ በቀዝቃዛ እርጥብ አፈር ውስጥ ሥሩ ሳይበቅል ይበሰብሳል።

መደቡን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ አለስልሱ፤ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የበሰለ ብስባሽ አልብሳችሁ ከአፈሩ ጋር ደባልቁ። ራይዞሙን ዐይኑ ወደ ላይ እንዲሆን አጋድማችሁ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ቅበሩት። ረጃጅሞቹ ዝርያዎች በመሃላቸው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ድንክዬዎቹ ከ30 እስከ 40 ይበቃቸዋል። ያኔ ክፍተቱ የበዛ ይመስላል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ይሞላል። አንዴ በደንብ አጠጡና ቡቃያው ብቅ እስኪል፣ አፈሩ እስካልደረቀ ድረስ፣ ውኃውን ቀነስ አድርጉ። ከወጣ በኋላ ግን አትሰስቱ፦ በደረቅ ጊዜ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ አፈሩ ወደ ታች እስኪርስ ድረስ፣ ሥሩ አካባቢ እንጂ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን አጠጡ። መሬቱን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ እርጥበቱን ይይዛል። በዕድገቱ ወቅት በወር አንዴ የተመጣጠነ ማዳበሪያ ይበቃዋል።

አሁን ወደ መቀሱ። ብዙ ሰው የሚያጎድለው እዚህ ላይ ነው። አንድ የካና ዘንግ አበባውን ሰጥቶ ሲጨርስ ዳግመኛ አያድስም፤ የሚቀጥለው አበባ የሚመጣው ከጎን ቅርንጫፉ ወይም ከሥሩ ከሚነሳ አዲስ ዘንግ ነው። የጠወለገውን አበባ በጣት ስትነቅሉ ቀስ በሉ፤ ቀጣዩ እምቡጥ ብዙ ጊዜ ከጎኑ ተጣብቆ ይገኛል። (ያ ደማቅ ቀለም ያለው ክፍል በእርግጥ የአበባ ቅጠል ሳይሆን ቅርፁን የለወጠ የአበባው ወንዴ ክፍል ነው፤ እውነተኞቹ የአበባ ቅጠሎች ጠባብና ደብዛዛ ሆነው ከበታቹ ተደብቀዋል።) የአበባው ዘለላ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ከታቹ ከቅጠል ብብት የወጣ አዲስ ቅርንጫፍ ፈልጉና ከሱ በላይ ቁረጡ። እሱም ሲያብብና ሲጨርስ፣ ሌላ ከሌለ፣ ዘንጉን ከመሬት አስጠግታችሁ አንሱት። ለአዲሱ ብርሃንና ቦታ ይለቅለታል። ፍሬ እንዲይዝ መተው ደግሞ አበባውን ያሳንሳል።

በ3 ወይም 4 ዓመት አንዴ ሥሩ ይጨናነቃል፦ መሃሉ ይሳሳል፣ አበባው ያንሳል። ዙሪያውን ራቅ ብላችሁ በመቆፈሪያ አንሱትና እያንዳንዱ ቁራጭ 2 ወይም 3 ዐይን እንዲኖረው በስለታም ቢላ ክፈሉት። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስታልፉ ቢላውን 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በተበረዘ ንከሩት፤ ቫይረስ ከመከፋፈል ጋር ይዛመታል። የተቆረጠው ገጽ አንድ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

አዲስ ቅጠል አልዘረጋ ብሎ እንደተጠቀለለ ከቀረ፣ ወይም ሲዘረጋ በመስመር የተደረደሩ ቀዳዳዎች ካሉበት፣ ውስጡ አባጨጓሬ አለ። በእጅ ፈትታችሁ ግደሉት፤ ከበዛ ቢቲ የተባለው ባክቴሪያ ያለበት መድኃኒት ወደ ጥቅሉ ውስጥ ይረጭ። ከቅጠሉ ሥር ብርቱካናማ ብናኝ ካያችሁ ዋግ ነው፤ የተያዙትን ቅጠሎች ቆርጣችሁ አስወግዱ፣ አየር እንዲገባም አሳሱት። ከሁሉም የሚከፋው ቫይረስ ነው፦ የቅጠሉን ጅማት ተከትሎ የሚሄድ የገረጣ ቢጫ ዥንጉርጉር፣ የቀነጨረ ተክል። መድኃኒት የለውም። ከነሥሩ ነቅላችሁ አስወግዱት፤ ብስባሽ ውስጥ አትጨምሩት፤ ክሽክሽን (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) መከላከልም ሥርጭቱን ይቀንሳል። በተፈጥሮአቸው ቅጠላቸው ባለ መስመር የሆኑ ዝርያዎች ስላሉ ግን የገዛችሁት ዝርያ ከመጀመሪያው እንዲያ እንዳልነበረ አረጋግጡ።

ውርጭ መሬቱን በረዶ በሚያደርግበት አገር፣ ቅጠሉ ሲጠቁር ዘንጉን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡና ሥሩን አውጡ። ጥቂት ቀን አድርቁት፤ ከዚያ በጥቂቱ እርጥበት ባለው የእንጨት ብናኝ ውስጥ፣ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ባለበት ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። በየወሩ እያያችሁ የበሰበሰውን ለዩ፤ ከተጨማደደ ውኃ እርጩበት።

ከፍሬ ማብቀልም ይቻላል፤ ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል እንጂ። ጥቁሩ ፍሬ ልባሱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ነጩ እስኪታይ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፤ ለብ ባለ ውኃ 24 ሰዓት ንከሩና ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ዝሩት። ተነክሮ አድሮ ያላበጠ ፍሬ ካለ ውኃ አልገባውም ማለት ነው፤ እንደገና ፋቁት።