ሕልም ሲናገሩ ሰው የሚያሰለቹባቸው ስህተቶች

«ሌሊት ያየሁትን ሕልም ብነግርህ አታምነኝም!» ሲባል ሰው ሁሉ ጆሮውን ይሰጣል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ ይተከላል። ጥፋቱ የሕልሙ አይደለም። ያየው ሰው ባንኖ ሲነሳ ልቡ ገና እየደለቀ ነው፤ ፍርሃቱም ሆነ ደስታው ከአልጋው አብሮት ወርዷል። ሰሚው ዘንድ ያ ስሜት የለም፤ የሚደርሰው ወሬው ብቻ ነው። ዋናው ጣጣ ስሜቱን ወደ ሌላ ሰው ማሻገሩ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ያሉት ስህተቶችም በአመዛኙ እዚያው ላይ የሚያደናቅፉ ናቸው።

ሁሉንም ከጫፍ እስከ ጫፍ መተረክ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። «አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ነኝ፤ ከዚያ ሕንፃው ትምህርት ቤት ሆነ፤ ከዚያ የአጎቴ ልጅ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ነን፤ ከዚያ ፈተና አለ ተባለ፤ ከዚያ…» ሰሚው እዚህ ሳይደርስ ደክሞታል።

በውን የሆነ ታሪክ ሲነገር አንዱ ነገር ሌላውን ስለሚወልድ «ቀጥሎስ?» ያሰኛል። ሕልም ውስጥ ማንኛውም ነገር ማንኛውንም ሊከተል ስለሚችል የሚያጓጓ ቀጣይ የለም። አብዛኛው ደማቅ ሕልም የሚታየው ዓይን ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ በሚሯሯጥበት የእንቅልፍ ክፍል ነው። ይህን ክፍል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዩጂን አሰሪንስኪ እና ናትናኤል ክላይትማን በ1953 እ.ኤ.አ. አሳወቁ። በዚያ ሰዓት ነገር የሚያመዛዝነው የአንጎል የፊት ክፍል ቀዝቀዝ ይላል፤ ስሜትን የሚያስተናግደው ግን ይግላል። ሕልም ስሜቱ የበዛ፣ ምክንያቱ የሳሳ የሚሆነው አንድም ለዚህ ነው።

ስለዚህ አንድ ትዕይንት ይምረጡ። ከላይ ላለው ሕልም ይህ ይበቃዋል፦ «ፈተና ላይ ተቀምጫለሁ። ወረቀቱን ስገልጠው ጥያቄው ሁሉ ስለ እኔ ነው፤ አንዱንም መመለስ አቃተኝ።» ሕንፃው፣ አውቶቡሱ፣ የአጎት ልጅም ይቅሩ።

የጀርመኑ ኬሚስት ኦገስት ኬኩሌ የቤንዚን ሞለኪውልን (benzene የሚባለው ኬሚካል እንጂ የመኪናው ነዳጅ አይደለም) ቀለበታዊ ቅርጽ እንዴት እንዳገኘው በ1890 በርሊን ላይ ሲናገር፣ እሳት ዳር አሸልቦት አተሞች እንደ እባብ ሲጥመለመሉ እንዳየ፣ ከእባቦቹም አንዱ የገዛ ጭራውን እንደነከሰ ነገራቸው። ይኸው ነው፤ ጥቂት ዓረፍተ ነገር። ሕልሙን በእርግጥ አይቶት እንደሆነ የሚጠራጠሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። እነሱም ግን እባቡን አልረሱትም።

ያዩትን ቆጥሮ የተሰማዎትን መተው

ይህን ለመረዳት የፈርዖንን ሕልም ማየት ይበቃል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ሕልሙ ሁለት ጊዜ ይነገራል፤ መጀመሪያ በተራኪው፣ ቀጥሎ ፈርዖን ራሱ ለዮሴፍ ሲያወራው። ተራኪው ከሲታዎቹ ላሞች የወፈሩትን ዋጧቸው ብሎ ያልፋል። ፈርዖን ግን ይጨምርበታል፦ እንደነዚያ ያሉ መልከ ክፉ ላሞች በግብፅ ምድር ሁሉ አይቶ እንደማያውቅ፣ ከዋጧቸው በኋላም ሆዳቸው ምንም እንዳልገባበት፣ እንደ ቀድሞው ከሲታ እንደነበሩ ይናገራል። ንጉሡን ያስደነገጠው መዋጣቸው ብቻ እንዳልነበረ እዚህ ላይ ይታወቃል፤ ውጠውም አለመጥገባቸው ነው።

እርስዎም ያንን ነጥብ ይፈልጉ። «ፈራሁ» ማለት ብቻውን ለሰሚው ምንም አይሰጠውም። «በሩን ቆልፌ ዞር ስል ቁልፉ በሌላው ሰው እጅ ነው» ሲሉት ግን ፍርሃቱን ራሱ ያገኘዋል።

ሕልም መሆኑን ደብቆ መጀመር

«ትናንት ፖሊስ ያዘኝ» ብሎ ጀምሮ፣ ሰሚውን አስደንግጦ፣ መጨረሻ ላይ «ከዚያ ነቃሁ!» ማለት። ብልሃት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ሰሚው ግን የተታለለ ይመስለዋል፣ ሌላ ጊዜ እውነቱንም ሲነግሩት ይጠራጠራል።

ቀዳዳውን መድፈን

መቀነስና መጨመር አንድ አይደሉም። ከሕልም መቀነስ ማሳጠር ነው፤ መጨመር ግን ሌላ ሕልም መሥራት ነው። ደግሞ ሁልጊዜ በክፋት አይደረግም፤ አእምሯችን የተበጣጠሰውን ሕልም ሲያስታውስ ራሱ ሰፍቶ ወጥ ታሪክ ሊያስመስለው እንደሚሞክር በሕልም ፍቺ የሚታወቀው የሥነ ልቦና ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድም ጽፎበታል። ሕልምዎ በጣም የተስተካከለ መግቢያና መደምደሚያ ካለው አንዴ ይጠርጥሩት። «እዚህ ጋ ይቆረጣል፤ ቀጥሎ የማስታውሰው ውሃ ውስጥ መሆኔን ነው» ማለት ምንም ነውር የለበትም። እንዲያውም ሕልም ሕልም የሚሸተው እንዲህ ሲነገር ነው።

«ጠዋት እነግራቸዋለሁ» ብሎ መልሶ መተኛት

ጠዋት የለም። ሕልም በሚታይበት ሰዓት ኖርኢፒንፍሪን የተባለው የአንጎል ኬሚካል እጅግ ዝቅ ይላል፤ ለመርሳታችን ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው። ሲነቁ ሳይንቀሳቀሱ ሕልሙን አንዴ በልብዎ ይከልሱት፤ ከዚያ ሦስት አራት ቃል ይጻፉ ወይም ስልክዎ ላይ በድምፅ ይቅዱ።

የሚነበብ አድርገው ይጻፉ ታዲያ። በኦስትሪያዋ ከተማ ግራዝ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ኦቶ ሎዊ በ1920ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሌሊት በሕልሙ የሙከራ ሐሳብ መጣለትና ብጣሽ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጎ ተኛ። ጠዋት የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። ዕድለኛ ሆኖ ሕልሙ በማግስቱ ሌሊት ተመለሰለት፤ ያኔ ወረቀት አላመነም፣ ተነስቶ ቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። በእንቁራሪት ልብ ላይ የሠራው ያ ሙከራ ነርቮች በኬሚካል አማካይነት መልእክት እንደሚያስተላልፉ አሳየ፤ በ1936 የኖቤል ሽልማት ተካፋይም አደረገው። ለአብዛኞቻችን ግን ሕልም ደግሞ አይመጣም።

ፍቺውን አብሮ ማቅረብ

«ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ፤ ትርጉሙም እንዲህ ነው» ካሉ በኋላ ሰሚው ምን ይበል? ጨዋታው አለቀ። ነግረው ዝም ይበሉና እሱ ይጠይቅ። በዌልስ የስዋንዚ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ብላግሮቭ እና ባልደረቦቹ በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕልም ተነግሯቸው አብረው የተወያዩ ሰዎች ለነጋሪው ያላቸው የመራራት ስሜት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ውይይት እንዲኖር ግን ያልተዘጋ ነገር መቅረት አለበት።

ሰሚን አለመምረጥ

ዮሴፍ በአነጋገር ረገድ እንከን አይወጣለትም። ሕልሞቹ አጫጭር ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም አንድ ምስል ብቻ ይዘዋል፤ የወንድሞቹ ነዶዎች ለእሱ ነዶ ሲሰግዱ፣ ቀጥሎ ፀሐይ፣ ጨረቃና አሥራ አንድ ከዋክብት ሲሰግዱለት። ጉዳቱ የነገረው ለሰጋጆቹ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ጠልተውት ሳለ ሁለተኛውንም ጨመረላቸው።

ሰው በሌላው ሕልም ውስጥ እንደነበረ ሲሰማ ወዲያው ይነቃቃል፤ ስለዚህ ሰሚው ያለበትን ሕልም ሲያገኙ «አንተም ነበርክበት» ብለው ይጀምሩ። ሕልሙ ሞቱን ወይም ውርደቱን የሚያሳይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለእርስዎ ቅዠት ነበር፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል። የግድ መናገር ካለብዎ «ስላንተ ደስ የማይል ሕልም አይቻለሁ፤ ልንገርህ ወይስ ልተወው?» ብለው ይጠይቁት። «ተወው» ካለ፣ ይተዉት።